ከሱስ የሚድኑ ሰዎች ስለሚኖሩባቸው ቤቶች አጭር ታሪክ

ሰው መጠጥን መጥመቅና ማንጠር ካወቀበት ዘመን ጀምሮ ሰካር ያልታየበት አገር የለም። ስለ ሰካር የሚነገረው አሳብ ግን ሁልጊዜ በሁለት የተከፈለ ነበረ። አንደኛው ወገን ስካር የፈቃድ ነገር ነውና ሰካሩ ይገሠጽ፥ ባይመለስም ይቀጣ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መጠጡ በፈቃድ ቢጀመርም ከጊዜ በኋላ ፈቃድን ራሱን የሚበላ ደዌ ይሆናልና ሰካሩ ሐኪምና ማረፊያ ያስፈልገዋል ይላል። ይህ ሁለተኛው አሳብ ወደ ቤት መሥራት ያደረሰበት ታሪክ በተለይ በአሜሪካ አገር የታየ ስለ ሆነ ነገሩ ከዚያው ይጀመራል። የሚነገሩትም ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በፊላደልፍያ ከተማ ቤንጃሚን ረሽ የሚባል ሐኪም ነበረ። ይህ ሰው በ1776 ዓ.ም. አሜሪካኖች ነጻነታቸውን ባወጁበት ጽሑፍ ላይ ስማቸውን ከጻፉት አንዱ ነው። በ1784 ዓ.ም. ጠንካራ መጠጥ በሥጋና በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት የሚገልጥ ጽሑፍ አሳተመ፤ በ1810 ዓ.ም. ደግሞ ሰካሮች ብቻ ተለይተው የሚታከሙበት ቤት እንዲሠራ አሳብ አቀረበ። ነገር ግን ቤቱን ሳያይ በ1813 ዓ.ም. ሞተ።

ሰካር በቤቱ ሆኖ መታከም ሲችል ልዩ ቤት ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ ለማንም የሚታይ ነው። ሱስ የያዘው ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ መጠጡ ከሥጋው ይወጣለታል፤ መንቀጥቀጡም ይቆማል፤ እንቅልፉም ይመለሳል። ነገር ግን ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ያው ጠጅ ቤት፥ ያው ባልንጀራ፥ ያው ዕዳና ያው የቤት ጠብ ይጠብቁታል። ስለዚህ መጠጡን ማስወጣት የአንድ ሳምንት ሥራ ሲሆን፥ ያለ መጠጥ መኖርን መማር ግን የብዙ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም የብዙ ዓመታት ሥራ ሆኖ ተገኘ።

በ1840 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ ስድስት ጠጪዎች በአንድ መጠጥ ቤት ተቀምጠው ሳሉ ከእንግዲህ ወዲህ አንጠጣም ብለው ተማማሉና ዋሽንግቶንያን የሚባለውን ማኅበር አቆሙ። የማኅበሩ ሥርዐት ሌላ አልነበረም፤ የዳነው ሰካር ላልዳነው ሰካር የራሱን ታሪክ መንገር ብቻ ነበረ። ማኅበሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ እጅግ ሰፋ፤ እንደ ሰፋም ፈጥኖ ተበተነ። ፍሬው ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ በ1857 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ በዚያው ማኅበር ስም ለሰካሮች መኖሪያ ቤት ተከፈተ።

ከዚያ የበለጠ ታላቅ አሳብ የነበረው ሐኪሙ ጆሴፍ ኤድዋርድ ተርነር ነው። ይህ ሰው ሰካር ቢያንስ አንድ ዓመት ያህል ከመጠጥ ተለይቶ በሕግም ተጠብቆ ካልኖረ አይድንም ብሎ ያምን ነበር። ብዙ ዓመት ከባለጸጎች ደጅ ሲመላለስ ኖሮ በ1854 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ መንግሥት ፈቃድ አገኘ፤ በ1858 ዓ.ም. በቢንግሃምተን ከተማ በኰረብታ ላይ የመሠረቱ ድንጋይ ተጣለ፤ በ1864 ዓ.ም. ቤቱ በሽተኞችን ተቀበለ። ሕንጻው የንጉሥ ግንብ የሚመስል ነበረ። ተርነር ግን ከቤቱ አስተዳዳሪዎች ጋር ተጣልቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ወጣ፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ የኒው ዮርክ ገዥ ሥራው አልተሳካም ብሎ ሕንጻውን ለአእምሮ ሕመምተኞች አደረገው። ግንቡ እስከ ዛሬ በኰረብታው ላይ ቆሟል።

በዚያው በ1879 ዓ.ም. ሌስሊ ኪሊ የተባለ ሐኪም በኢሊኖይ አገር ድዋይት በምትባል ትንሽ ከተማ ሌላ ዐይነት ሥራ ጀመረ። ወርቅ ያለበት መድኃኒት አግኝቻለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ምሥጢሩን ግን ለማንም አልገለጠም። በሽተኞቹ አራት ሳምንት በከተማው እየኖሩ በየቀኑ አራት ጊዜ እየተሰለፉ በመርፌ ይወጉ ነበር። ቅርንጫፎቹ በብዙ አገር ተከፈቱ፤ ኪሊም እጅግ ባለጸጋ ሆኖ በ1900 ዓ.ም. ሞተ። ሌሎች ሐኪሞች ግን በመድኃኒቱ ወርቅ አለበት መባሉን አላመኑም። ከዚያ ድነው ከወጡት ሰዎች ብዙዎቹ ምናልባት የዳኑት ከመርፌው ይልቅ በሰልፉ ነው፤ የአገር ዳኛና የቀን ሠራተኛ፥ ወታደርና ነጋዴ ጐን ለጐን ቆመው አንዱ የሌላውን መከራ ሲሰማ፥ ኀፍረቱ ይቀልለት ነበርና።

ከመጠጥ ሌላ ደግሞ የኦፕየም፥ የሞርፊንና የሄሮይን ነገር አለ። በ1914 ዓ.ም. አሜሪካኖች ይህን የሚቈጣጠር ሕግ ካወጡ በኋላ ሐኪም ለሱሰኛ መድኃኒቱን መስጠት ወንጀል ተብሎ ስለ ተቈጠረ፥ ወህኒ ቤቶች በሱሰኞች ተሞሉ። የወህኒ ቤት ሹማምንትም እጅግ ተቸገሩ። ስለዚህ በ1929 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ የእርሻ ሆስፒታሎች እንዲሠሩ ታዘዘ፤ አንዱ በኬንተኪ አገር በሌክሲንግተን በ1935 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው በቴክሳስ አገር በፎርት ወርዝ በ1938 ዓ.ም. ተከፈተ።

የሌክሲንግተን ነገር ሰፋ አድርጎ ሊነገር የሚገባው ነው። ቦታው 1,000 ኤከር ያህል የሚሆን ለም መሬት ነበረ። ላሞች ይታለቡበት፥ አትክልት ይተከልበት፥ ልብስ ይሰፋበት፥ የቤት ዕቃ ይሠራበት ነበር። የመጀመሪያው አለቃ ሐኪሙ ሎረንስ ኮልብ ሱሰኛ ወንጀለኛ ሳይሆን በሽተኛ ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው ነበረ። ይሁን እንጂ መስኮቱ ሁሉ የብረት ፍርግርግ ነበረው፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ በፍርድ የመጡ እስረኞች ነበሩ። ሌሎቹ በፈቃዳቸው የመጡ ናቸው። እነዚህ በፈለጉ ጊዜ መውጣት ስለሚችሉ አብዛኞቹ ሐኪሞቹ ከወሰኑላቸው ቀን በፊት ይወጡ ነበር። ከገቡት ሰዎች መካከል የታወቁ የጃዝ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ ሳክስፎን የሚነፋው ሳኒ ሮሊንስ በ1955 ዓ.ም. በፈቃዱ ገብቶ ታከመና ከሄሮይን ተለየ፤ ከዚያም ብዙ ዐሥርት ዓመታት በክብር ሠራ።

እንደ ሮሊንስ ያለው ሰው ግን ጥቂት ነበረ። ሐኪሞች ከሌክሲንግተን ወጥተው ወደ ኒው ዮርክ የተመለሱትን ሰዎች ተከታትለው በመረመሩ ጊዜ ከ100 ሰዎች ከ90 የሚበልጡት ወደ ሱሳቸው እንደ ተመለሱ፥ ያውም አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ሆነ አገኙ። ንጹሕ አየር፥ መልካም ምግብ፥ የእርሻ ሥራና ደግ ሐኪም ነበሩ፤ ሰውዬው ከባቡር በወረደበት ምሽት የሚቀበለው ሰው ግን አልነበረም። ከዚህም ሌላ በዚያው ግቢ በነበረው የምርመራ ክፍል ሐኪሞች በእስረኞች ላይ የመድኃኒት ፈተና ያደርጉ ነበር፤ ለፈተናውም ዋጋ ያንኑ ሊያስተዉት የሚገባቸውን መርዝ የሰጡበት ጊዜ አለ። ይህ ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ በአደባባይ ተመርምሮ በ1976 ዓ.ም. ቀረ። ሆስፒታሉም ከዚያ በፊት በ1974 ዓ.ም. ተዘግቶ ወህኒ ቤት ሆነ። የፈተናው ነገር ክፉ ቢሆንም ስለ ሱስ ዛሬ የሚታወቀው እውቀት ብዙው ከዚያ ግቢ የወጣ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ሌክሲንግተን በተከፈተበት በ1935 ዓ.ም. በኦሃዮ አገር በአክረን ከተማ ቢል ዊልሰን የተባለ የአክስዮን ነጋዴና ቦብ ስሚዝ የተባለ ሐኪም ተገናኙ። ሁለቱም ሰካሮች ነበሩ። ከእነርሱ መገናኘት አልኮሊክስ አኖኒመስ፥ ማለት ስማቸውን የማይገልጡ ሰካሮች የሚባለው ማኅበር ተወለደ። በዚያው ከተማ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የበሽተኞች መቀበያ ሹም የነበሩት መነኵሲት እማሆይ ኢግናቲያ የሚባሉ በአየርላንድ የተወለዱ ሴት ነበሩ። በዚያ ዘመን ሆስፒታል ሰካርን አይቀበልም ነበር። እማሆይ ኢግናቲያ ግን በ1939 ዓ.ም. ሐኪሙ ስሚዝ ያመጣውን ሰካር በመዝገብ ላይ የጨጓራ ሕመም ብለው ጽፈው አስገቡት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሺሕ ሰዎች በእጃቸው አለፉ። ለሚወጣው ሁሉ ትንሽ የጸሎት ምልክት ይሰጡትና፥ ልትጠጣ ብትፈልግ አስቀድመህ ይህን መልስልኝ ብለው ቃል ያስገቡት ነበር። በሆስፒታል የሚተኛው ለጥቂት ቀን ብቻ ስለ ነበረ ይህ ረጅም መኖሪያ አይባልም፤ ነገር ግን የማኅበሩ ሰዎች ወደ አልጋው እየመጡ እንዲጠይቁት ማድረጋቸው በሌክሲንግተን የጐደለውን ነገር የሚያሳይ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያስደንቀውና ወደሚያሳዝነው ታሪክ እንደርሳለን። ቻርልስ ዴድሪክ በ1913 ዓ.ም. በኦሃዮ ተወለደ። ሰካር ስለ ነበረ ሁለት ትዳር ፈረሰበት፤ ወደ ካሊፎርንያ ሄዶ በአልኮሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ከመጠጥ ተለየ። ንግግር የሚችል፥ ድምፁ እንደ ነጐድጓድ የሆነ፥ ሰውነቱም ግዙፍ ሰው ነበር። በማኅበሩ የነበሩት ሰዎች ግን የሄሮይን ሱሰኞችን በመካከላቸው ማየት አልወደዱም። ስለዚህ በ1958 ዓ.ም. ከሥራ ለወጡ ሰዎች መንግሥት በሚሰጠው 33 ዶላር በባሕር ዳር አንድ ሱቅ ተከራይቶ ሱሰኞቹን ሰበሰበ። ስሙን ሲናኖን አሉት፤ ቃሉ ከአንድ ሱሰኛ የአፍ ስሕተት የመጣ ነው ይባላል።

እስከዚያ ቀን ድረስ የሄሮይን ሱሰኛ ጨርሶ አይድንም የሚል አሳብ በሐኪሞችም በዳኞችም ዘንድ ጸንቶ ነበር። በሲናኖን ግን ሐኪም የለም፥ መድኃኒት የለም፥ ዘብም የለም። የሚመጣው ሰው በነባሮቹ ፊት ተቀምጦ ብርቱ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ውሸቱንም ይነቅሉበታል። ከተቀበሉት በሳሎን ባለው ሶፋ ላይ ተኝቶ ሕመሙን ይጨርሳል፤ ሰው ሁሉ በአጠገቡ እያለፈ ሾርባ ያቀብለዋል፥ ነገር ግን ማንም አያባብለውም። ሲነሣ ሳሕን ማጠብና መጸዳጃ ቤት መጥረግ ይሰጠዋል። ሥራውን ሲያሳምር ከፍ ይላል፤ ሲያበላሽ ዝቅ ይላል። ዋነኞቹ ሕጎች ሁለት ነበሩ፤ መጠጥና መርዝ አይነካም፤ በሰው ላይ እጅ አይነሣም።

በየሳምንቱም አንዳንድ ጊዜ ሦስት ቀን፥ ዐሥር ያህል ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጡና ጨዋታ የሚሉትን ያደርጋሉ። በዚያ ክብ ውስጥ እያንዳንዱ ስለ ባልንጀራው ያየውን ሁሉ ያለ መሸፋፈን ይናገራል፤ መጮኽና መሳደብም ይፈቀዳል። ሲጨርሱ አብረው ቡና ይጠጣሉ። ይህ ለአበ ነፍስ በምሥጢር እንደሚነገር ኑዛዜ አይደለም፤ የሚሰማው ካህን ሳይሆን ትናንት በዚያው ጐዳና ይሰርቅ የነበረ ሰው ነው። ኀይሉም ከዚህ የመጣ ነው። ሱሰኛ ሐኪምን ያታልላል፥ ዳኛን ያታልላል፥ እናቱን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ያታልላል፤ ሱሰኛን ግን ማታለል አይችልም።

ነገሩ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ዳኞችና መምህራን፥ የፊልም ሰዎችና የምክር ቤት አባሎች ሊያዩ መጡ፤ በ1965 ዓ.ም. ስለ ቤቱ ፊልም ተሠራ። ዴድሪክ በ1963 ዓ.ም. ያገባት ቤቲ የምትባለው ጥቁር ሴት ራስዋ ከሄሮይን የዳነች ነበረች፤ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው በሚኖሩበት ዘመን በሲናኖን አብረው ይበሉና ይጋቡ ነበር። ይህ በጎ ነገር ነውና ከኋላው በመጣው ክፉ ነገር ምክንያት ሊረሳ አይገባውም።

ክፉው ነገር የጀመረው በመውጫው በር ነው። በመጀመሪያ ሰውዬው ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ድኖ ወደ ከተማ ይመለሳል ተብሎ ነበር። ወጥተው የወደቁ ሰዎች ስለ በዙ ግን ዴድሪክ በ1968 ዓ.ም. ከእንግዲህ ወዲህ ከቤቱ ተመርቆ የሚወጣ የለም፥ መዳን ማለት በሲናኖን መኖር ነው አለ። መታከሚያው ቤት በዚያ ቀን ሌላ ነገር ሆነ። ሱስ የሌለባቸውም ሰዎች ገንዘባቸውን ይዘው ገቡ። ቤቱ መሬትና ሕንጻ፥ ንግድና አውሮፕላን አበጀ፤ በ1970ዎቹ ዓመታት መካከልም ሃይማኖት ነኝ ብሎ አወጀ። ሴቶች ጠጕራቸውን እንዲላጩ ተደረገ። በ1977 ዓ.ም. ወንዶች እንዳይወልዱ በሐኪም እጅ እንዲመከኑ፥ በዚያው ዓመት ቤቲ ከሞተች በኋላም ባልና ሚስት ተለያይተው ሌላ እንዲይዙ ታዘዘ። ያ እጅ አይነሣም የሚለው ሕግ ቀርቶ የታጠቁ ሰዎች ተመለመሉ፤ ከቤቱ የወጡ ሰዎችም ተደበደቡ።

ይህን ሁሉ ለአደባባይ ያወጣው ታላቅ ጋዜጣ አይደለም፤ በፖይንት ሬይዝ የሚታተም ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው፤ ስለዚህም በ1979 ዓ.ም. የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። ፖል ሞራንትዝ የተባለ ጠበቃ ደግሞ ሲናኖንን ከስሶ 300,000 ዶላር አስፈረደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፥ በጥቅምት 10 ቀን 1978 ዓ.ም.፥ ደብዳቤውን ሊያወጣ እጁን ወደ ፖስታ ሳጥኑ ቢሰድድ እባብ ነደፈው። መንደፉን በድምፅ የሚያስታውቀው የጅራቱ ቃጭል አስቀድሞ ተቈርጦ ነበር። ጠበቃው ዳነ፤ ሁለት የሲናኖን ሰዎችም ተያዙ። በታኅሣሥ ወር ፖሊሶች ዴድሪክን ሊይዙት በአሪዞና አገር ወዳለው ቤቱ ቢሄዱ ሰክሮ አገኙት፤ በቃሬዛም ተሸክመው ወሰዱት። ሃያ ዓመት ያህል ብዙ ሺሕ ሰዎችን አትጠጡ ያለው ሰው መቆም አቅቶት ነበር። በ1980 ዓ.ም. ክሱን አልከራከርም ብሎ ስለ እርጅናውና ስለ ሕመሙ ከእስራት ቀረለት፤ ቤቱን እንዳይመራ ግን ተከለከለ። ሲናኖን በ1991 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ዴድሪክም በ1997 ዓ.ም. ሞተ።

አብዛኛው ሰው የጥፋቱን ምክንያት ለዴድሪክ ጠባይ ይሰጣል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። በጨዋታው ክብ ውስጥ ሁሉ ይወቀስ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ዴድሪክን እስከ ፍጻሜው የሚወቅሰው፥ ሲያጠፋም የሚሽረው ሰው አልነበረም። የአስተዳዳሪዎች ጉባኤ ቢኖርም በስም ብቻ ነበረ። ወደ ቤቱ የገባው ደካማ ሰው ደግሞ ከወጣህ ትሞታለህ ተብሎ ስለ ተማረ፥ ክፉ ትእዛዝ ሲመጣ እንኳ ከበሩ ይልቅ ትእዛዙን መረጠ። ሰውን ከመርዝ ያላቀቀው ያው ኀይል ነው ሰውን ባሪያ ያደረገው፤ ስለ እነዚህ ቤቶች የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህን ነገር በልቡ ሊይዘው ይገባል።

ሲናኖን ገና ስሙ መልካም ሳለ ሌሎች ከእርሱ ተምረው ነበር። በ1963 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የብሩክሊን ፍርድ ቤት ሹማምንት፥ ዳንኤል ካስርየል የተባለ ሐኪምና ዊልያም ኦብራየን የተባሉ የካቶሊክ ካህን ዴይቶፕ የሚባለውን ቤት በስታተን አይላንድ አቆሙ። አባ ዊልያም የሱሰኞችን ነገር ሲከታተሉ ኖረው ሕይወታቸውን ሁሉ ለዚህ ሥራ ሰጡ፤ እስከ ሞቱበት እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ዴይቶፕ የእርሳቸው ስም ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በሆስፒታል ከሄሮይን የተለዩ ጥቂት ሰዎች ወደ ቀድሞው ሰፈር ብንበተን እንጠፋለን ብለው በኒው ዮርክ አንድ ቤት አብረው ገቡ፤ ከዚያ የተነሣ ሐኪሙ ሚቸል ሮዘንታል የመራው ፊንክስ ሃውስ ሆነ። እነዚህ ቤቶች ከሲናኖን ክቡንና የሥራውን መሰላል ወሰዱ፤ ነገር ግን የገባው ሰው ከአንድ ዓመት ተኩል ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ይዞ እንዲወጣ አደረጉ፤ ሐኪምና የመንግሥት መርማሪም ወደ ቤታቸው አስገቡ። በእንግሊዝ አገር ቶም ሜይንና ማክስዌል ጆንስ የተባሉት ሐኪሞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአእምሮ ሕመምተኞች ዘንድ በሌላ መንገድ ወደዚሁ አሳብ ደርሰው ነበር፤ የሚፈውስ ማኅበር የሚለውም ስም ከዚያ የመጣ ነው።

በእነዚህ ቤቶች ቀኑ ማለዳ በጉባኤ ይጀመራል። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ወጥ ቤት፥ ልብስ ማጠቢያ፥ አናጢነት፥ ጽሕፈት ቤት። ሥራው ገንዘብ ለማግኘት ብቻ አይደለም። በ13 ዓመቱ መርዝ የጀመረ ሰው በሰዓቱ መነሣትን፥ ከአለቃው ሲገሠጽ ሳይሸሽ መስማትን፥ ጓደኛው ሲያጠፋም ሳይሸፍን መናገርን አልተማረምና ሥራው ትምህርት ቤቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅጣቱ እጅግ ብርቱ ነበረ፤ ያጠፋው ሰው ጠጕሩን ይላጫል፥ ጥፋቱ የተጻፈበትን ሰሌዳም በአንገቱ ያንጠለጥላል። ይህ ልማድ በኋላ ተነቅፎ በብዙ ቦታ ቀርቷል፤ መቅረቱም ተገቢ ነው። የተዋረደ ሰው ዝም ይላል እንጂ ሁልጊዜ አይመለስም።

አሳቡ ወደ ኢጣልያም ተሻገረ። በሮማ አባ ማርዮ ፒኪ የተባሉ ካህን ከዴይቶፕ ተምረው በ1979 ዓ.ም. ፕሮጀቶ ዎሞ የሚሉትን ሥራ ጀመሩ፤ የእርሳቸው ልዩነት የሱሰኛውን ወላጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው እንዲማሩ ማድረጋቸው ነው። በሪሚኒ አጠገብ ደግሞ ቪንቸንዞ ሙቾሊ በ1978 ዓ.ም. ሳን ፓትሪኛኖን አቆመ። ገንዘብ ሳይከፈልበት ብዙ መቶ፥ በኋላም ከሺሕ የሚበልጥ ሰው የሚኖርበት፥ ወይን የሚጠመቅበትና ፈረስ የሚረባበት ታላቅ መንደር ሆነ። ነገር ግን ሊሸሹ የፈለጉ ነዋሪዎች በሰንሰለት ታስረው ስለ ተገኙ ሙቾሊ ተከሰሰ። በ1985 ዓ.ም. ተፈረደበት፤ በይግባኝ ነጻ ወጣ። ብዙ እናቶች በሰንሰለትም ቢሆን ልጄ በሕይወት አለ ብለው ስለ እርሱ ተከራከሩ። ይህን የእናቶች ነገር በቀላሉ መናቅ አይቻልም፤ ነገር ግን በ1989 ዓ.ም. አንድ ነዋሪ በመንደሩ ውስጥ ተደብድቦ ሞተ፤ ሙቾሊም ነገሩን በመሸፈኑ በ1994 ዓ.ም. ተፈረደበትና በሚከተለው ዓመት ሞተ።

እንግዲህ እነዚህ ቤቶች ያድናሉን? መርማሪዎች ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ ሺሕ ሰዎች ላይ ያደረጉት ክትትል እንዲህ ይላል። ሦስት ወር ሳይሞላው የወጣ ሰው ጨርሶ ካልገባው ብዙም አይሻልም፤ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ግን በቆየ መጠን መርዙም፥ ስርቆቱም፥ ሥራ ፈትነቱም ይቀንሳል። ችግሩ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መውጣታቸው ነው። የሚቆየው ሰው አስቀድሞ ብርቱ ፈቃድ ያለው ስለ ሆነ ነው ወይስ ቤቱ ፈቃዱን ስላበረታው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ፤ ሁለቱም እውነት ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሌላም ክርክር ነበረ። በ1960ዎቹ ዓመታት መካከል ሐኪሞቹ ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር በኒው ዮርክ ሜታዶን የሚባለውን መድኃኒት ለሄሮይን ሱሰኞች በየቀኑ በመስጠት ሰዎቹ ተረጋግተው ሥራ ሠርተው እንዲኖሩ አደረጉ። የቤቶቹ ሰዎች ግን ይህ አንዱን መርዝ በሌላ መርዝ መለወጥ ነው ብለው መድኃኒቱን የሚወስደውን ሰው ከደጃቸው መለሱት። በዚህ ነገር እጅግ ተሳስተው ነበር። ብዙ ወር ያለ መርዝ የኖረ ሰው ሥጋው ልምዱን ይተዋልና፥ ከቤቱ ወጥቶ ድሮ ይወስድ የነበረውን ያህል አንድ ጊዜ ቢወስድ በዚያው ሌሊት ሊሞት ይችላል። ሜታዶንና ከእርሱ በኋላ የመጣው ቡፕረኖርፊን ይህን ሞት እጅግ እንደሚቀንሱ ተረጋግጧል። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ቤቶች በሩን ለሁለቱም ከፍተዋል፤ እንቢ ያሉም አሉ። ተመርቆ በወጣ በሳምንቱ የሞተ ልጃቸውን የቀበሩ ወላጆች በዚህ ክርክር ምክንያት ብዙ ናቸው።

በሳን ፍራንሲስኮ ዴላንሲ ስትሪት የሚባለው ቤት በዚህ ታሪክ ውስጥ የብቻው ነው። ጆን ማኸር የሚባል በሲናኖን የነበረ የቀድሞ ሱሰኛና እስረኛ በ1971 ዓ.ም. በ1,000 ዶላር ብድር ጀመረው፤ በሚከተለው ዓመት ሚሚ ሲልበርት የተባለች የተማረች ሴት ተጨመረች። ነዋሪው ቢያንስ ሁለት ዓመት ለመቀመጥ ቃል ይገባል። ደመወዝተኛ ሐኪም ወይም ጠባቂ የለም፤ ቤቱም በነዋሪዎቹ ሥራ ይተዳደራል እንጂ የመንግሥት ገንዘብ አልተቀበለም። ስምንተኛ ክፍል ያህል ማንበብ የሚችለው ስድስተኛ ክፍል ያህል የሚያነበውን ያስተምራል፤ እርሱም በተራው ፊደል የማያውቀውን ያስተምራል። ማኸር ከሄደ በኋላ ቤቱ አልፈረሰም። በ1980ዎቹ ዓመታት በባሕሩ ዳር ታላቅ ሕንጻ በራሳቸው እጅ ሊሠሩ ተነሡ፤ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት መዶሻ ይዘው አያውቁም ነበር። ከግንበኞች ማኅበር እየተማሩ፥ ያበላሹትን እያፈረሱ፥ እንደገናም እየሠሩ በ1990 ዓ.ም. ፈጸሙት። በሕንጻው ሥር ምግብ ቤት ከፈቱ፤ የሰው ዕቃ ከቤት ወደ ቤት የሚያዛውር የጭነት ሥራም አቆሙ። ትናንት በመስኮት ገብቶ የሰው ዕቃ ይሰርቅ የነበረው ሰው አሁን ባለቤቱ ራሱ ቍልፉን እየሰጠው ይገባል፤ በየዓመቱ የፈረንጆች ገና ሲደርስም ነዋሪዎቹ በከተማው አደባባዮች የገና ዛፍ ይሸጣሉ።